መስኮቱን የዘጋንበት መስከረም

ሸምሱዬ፣

እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ እንዲያው ወሬ ላውራህ ብዬ ነው። ከተለየኸን ሁለት ዓመት ሞላ። ልጃችን ሐናን በቁመት ደርሳብኛለች፤ በአማርኛ ስጠይቃት አሁንም በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። ኦቴሎ ሰፈር ያለችው ሱቃችን እንዳለች ናት። ትልቁ ለውጥ የእናትህ መምጣት ነው። ከቡታጅራ መጥተው አብረውን መኖር ከጀመሩ ዓመት ሊሆናቸው ነው።

እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ ላይ አልተመቻቸንም። ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ግን ፎቶህን ያነሱና ወደ እኔ ሳያዩ፣ "እኔ የላክሁት ጤነኛ ልጅ ነበር" ይላሉ። ፎቶውን ተቀብዬ ወደ ቦታው እመልሳለሁ።  አንተ ባረፍክበት ሳምንት ከተራራው ማዶ ደኑ ሲነድ፣ ከተማው በጭስ ሲታፈን፣ አንተ እዚህ አገር የጀመረህን አስም ችለህ ታክሲህን ነድተህ ስትገባ፣ ቤቱ ሞቀ ብዬ መስኮቱን ወለል አድርጌ የከፈትኩት እኔ ነኝ። አየር የምታገኝ መስሎኝ ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ዘንድሮም በመስከረም ጭሱ መጣ። ሐይቁ ዳር፣ ሬኒየር ቢች ላይ ቆመህ ከሐይቁ ማዶ ያለው ዳገት አይታይም ነበር። የእናትህ ደረት ደካማ ነውና ደነገጥኩ። ከእኛ በታች የምትኖረው ሱኒታ ግን አልደነገጠችም። አታውቃትም፤ አንተ ካለፍክ በኋላ የገባች ህንዳዊት ናት። የተወለደችበት ከተማ ድሮ ትንሽ ነበረች አሉ። አሁን በየዓመቱ እየሰፋች፣ ግንባታውና የጡብ ምድጃው፣ መኪናውም በዝቶ፣ ሩዙ ታጭዶ ገለባው ሲቃጠል ደግሞ፣ ብርድ በገባ ቁጥር ሰማዩ ይጠፋል።

"ሰዉ ጉም ነው ይላል" አለችኝ። "እናቴ ግን፣ ጉም ጉሮሮ አያቃጥልም ትል ነበር።"

ከዚያ እጄን ይዛ ሥራ አስጀመረችኝ። አየር የሚያጣሩ አራት ፊልተሮችን በቴፕ አጋጥመን እንደ ሳጥን አቆምናቸው፤ ከላይ ማራገቢያ ፋን ገጠምንበት። ጭሱ ፊልተሩ ላይ ይቀራል፣ ንጹሑ አየር በላይ ይወጣል። መስኮቱን ዘግተን የበሩን ሥር በእርጥብ ፎጣ ደፈንን።

እናትህ ተቆጡ። "ሰው የሚሞተው አየር ሲዘጋበት ነው! ክፈቺው!" አሉ። ሁለት ጊዜ ራሳቸው ተነስተው ከፈቱት፤ ሁለቱንም ጊዜ ዘጋሁት። በእናትህ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንደማላውቅ አንተ ምስክሬ ነህ። ያን ቀን ግን፣ "እማማ፣ እኔ ቆሜ ይህን መስኮት አይከፍቱትም" አልኳቸው። አኮረፉ። ምሳም አልበሉልኝ።

በአራተኛው ቀን ፊልተሩን ልቀይር ቴፑን ስፈታ አጠገቤ ቆመው ነበር። ስንገጥመው እንደ ጥጥ የነጣው ነገር አመድ መስሏል። ቀረብ ብለው አሸተቱት። ቀና አሉና፣ "ይሄ ነው የልጄ ደረት ውስጥ የገባው?" አሉ።

"አዎ፣ እማማ" አልኳቸው። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሙቀቱን፣ መስኮቱን፣ አምቡላንሱን። ይረግሙኛል ብዬ ስጠብቅ እጄን ያዙኝ።

"በሆዴ አንቺን ከስሼሽ ነበር። አንቺም በራስሽ ላይ ስትፈርጂ ኖረሻል ለካ። በይ፣ ለሁለታችንም ይብቃን።"

አለቀስን፣ ሸምሱዬ። ከቀብርህ ወዲህ እንዲያ አልቅሼ አላውቅም፤ ሲወጣልኝ ግን ቀለለኝ።

በማግስቱ እናትህን ብታያቸው! ማስካቸውን አጥልቀው፣ እንግሊዝኛ ሳይችሉ፣ የሕንጻውን አዛውንቶች በር አንድ በአንድ አንኳኩ። ሐናን እያስተረጎመች፣ ሱኒታ እየቆረጠች፣ እኔ እያጣበቅሁ፣ ሱቃችን ውስጥ ስምንት ሳጥን ሠራን። የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ቤት ገባ። ሳምንት አልፎ ዝናቡ ሲመጣ ከሕንጻችን አንድም ሰው ሆስፒታል አልሄደም፤ አልሐምዱሊላህ። ጭሱ ለከርሞም ይመጣ ይሆናል። ይምጣ። ምን እንደማደርግ አውቃለሁ።

የመጨረሻው ሳምንት ሳልህ ጆሮዬ ውስጥ ብዙ ጊዜ ቆይቷል። ከእንግዲህ በእሱ አላስታውስህም። የማስታውስህ የሐናን ጫማ ሐይቁ ውስጥ ወድቆ እስከነልብስህ ዘለህ በገባህበት ቀን ነው። ውሃው በረዶ ነበር። ጫማዋን ከፍ አድርገህ ይዘህ ስትስቅ፣ አውቶቡስ ይጠብቁ የነበሩት ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩህ። ለሐናን ደጋግሜ የምነግራት፣ አላህ ካቆየኝ ለልጆቿም የማወርሳቸው ይህንኑ ነው፤ በሙሉ ደረቱ የሚስቅ ሰው ባሌ እንደነበር።

ዘይነባህ