ጠፋ ያልኩሽ ፊልም

ለእታለም አፀደ እንደሻው፣ ካለሽበት ቤይሩት ይድረስልኝ።

እንደምን ሰነበትሽ እታለም? ጤናሽስ እንዴት ነው? ወገብሽን አሁንም ያምሻል ወይስ ያ መድኃኒት ረዳሽ? ደረጃ ስትወጪ ያብጥ የነበረው እግርሽስ ተሻለሽ? የምትጦሪያቸው አሮጊት ከእንቅልፍሽ መቀስቀሱን ተዉልሽ? እዚያ ስላለው ነገር በዜና በሰማን ቁጥር እማዬ ቴሌቪዥኑን ዝጉልኝ ትላለች፤ ከዘጋነው በኋላ ደግሞ ምን አሉ ብላ ትጠይቃለች። ድምፅሽን ሰምተን እንኳ ልባችን ቶሎ አያርፍም። ፈጣሪ ከክፉ ነገር ይጋርድሽ።

እኛ ደህና ነን። እማዬ ብርዱ ሲበረታ ጉልበቷን ይይዛታል እንጂ ሌላ ሕመም የለባትም። ዘንድሮ ገብሱ ጥሩ ይዞ ነበር፤ አጨዳው ሊያልቅ ሲል ያልታሰበ ዝናብ መጣና ገበሬው ሁሉ ነዶውን በላስቲክ ሲሸፍን ሰነበተ። የኋላው ክፍል ጣሪያ ተጠግኗል፤ አሁን አያፈስም። ያንቺ አልጋ እዚያው እንዳለ ነው።

ይህን በወረቀት የምጽፍልሽ ስልክ አጥቼ አይደለም። ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬልሽ ነበር። «ዘሪዬ፣ ምነው ድምፅህ?» ስትይኝ ስለ ብርዱ አወራሁና ዘጋሁት። ስለዚህ ጽፌ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሻለሁ። ጓደኛሽ ሄለን አጠገብሽ ካለች ብቻሽን እስክትሆኚ አቆዪው። ሰው ፊት እንድታነቢው አልፈልግም፤ ስለ እኔ ስትይ ሳይሆን ስለ ራስሽ ስትይ።

እታለም፣ ያ ፊልም ደርሶኛል።

የዛሬ አራት ዓመት በጓደኛሽ በራሄል እጅ የላክሽልኝ የጃፓኖች የማርሻል አርት ካርቱን፣ ልጆቹ አኒሜ የሚሉት፣ ሙሉ ሲዝኑ፣ አምስቱም ዲስክ ከነሳጥኑ ደርሶኛል። ራሄል አገር በገባች በሦስተኛው ቀን ሁሩታ አስጠርታኝ፣ አንቺ በሻርፕሽ እንደጠቀለልሽው በእጄ ሰጠችኝ። ምሳ ሳልበላ እንዳልሄድም አስገደደችኝ። አንቺ ስትደውዪ ግን ሻንጣዬ ኤርፖርት ጠፋ አለችኝ፣ ምንም አልሰጠችኝም አልኩሽ። ሻንጣዋ አልጠፋም ነበር። ከአፌ የወጣው ውሸት ነው።

 ያን ጊዜ ፊልሙ ያሳደግሽው የማዳምሽ ልጅ ለትምህርት ፈረንሳይ ሲሄድ የሰጠሽ ስጦታ እንደሆነ ነገርሽኝ። አንቺ ልብስ ስትተኩሺ እሱ ምንጣፉ ላይ ተጋድሞ አብራችሁ ታዩት እንደነበር፣ ስፖርት ለሚወደው ወንድምሽ ላኪለት እንዳለሽ አጫወትሽኝ። እኔ ሳጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር የማዳምጥሽ። «ሰው እንዲህ ነው እንግዲህ፣ ራሄልን እንደ እህቴ ነበር የማያት» ስትዪም ሰማሁ። አላረምኩሽም።

ለምን እንዳደረግኩት ልንገርሽ፤ ጥፋቴ እንዲያንስልኝ ብዬ አይደለም። አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ቆይቼ ስመለስ ከአንድ ኮሪያዊ መምህር ዘንድ ስሠለጥን ነበር ብያችሁ የለ? እንደዚያ የሚባል መምህር የለም። አንድ ያላለቀ ፎቅ ስጠብቅ ነበር የከረምኩት። ከፎቁ ፊት ለፊት የቴኳንዶ ማሠልጠኛ ነበረና በመስኮት እያየሁ እኔም ብቻዬን አንዳንድ ነገር እሞክር ነበር፤ ያ ነው ትምህርቴ። አሰላ ስገባ ሰው ሁሉ ምን ሠርተህ መጣህ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ዘበኛ ነበርኩ ማለት አቃተኝ። ከዚያ ወሬው ራሱ ክለብ አስከፈተኝ። ወጣት ማዕከሉ አዳራሹን ፈቀደልኝ፣ ልጆች ተመዘገቡ፤ እኔ ደግሞ በሁለተኛው ወር የማስተምረው አለቀብኝ። ፊልምሽ የደረሰው በዚያ ሰሞን ነው። ደረሰኝ ብልሽ ለእማዬ ትነግሪያታለሽ፣ እማዬ ለጎረቤት ታወራለች፣ ልጆቹም መምህራቸው ማን እንደሆነ ያውቃሉ ብዬ ፈራሁ።

ሃያ ስድስቱን ክፍል ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። ንግግሩ በዐረብኛ ነው፤ አንድ ቃል አልገባኝም። ሽማግሌው መምህር እግሩን እንዴት እንደሚያዞር፣ ልጅቷ እንዴት ዘልላ እንደምትመታ እያቆምኩ እየመለስኩ አጠናሁ። ሰው ሊሠራው የማይችለውን ትቼ የሚቻለውን ወሰድኩ። በተራራችን ስም ጭላሎ አንድ፣ ጭላሎ ሁለት እያልኩ ስም አወጣሁለት። ሰላምታቸውን ሳይቀር ወሰድኩ፤ በካርቱኑ ላይ ከመጋጠማቸው በፊት የቀኝ እጃቸውን ጀርባ ግንባራቸው ላይ ያደርጋሉ። ይህ የመምህሬ ሰላምታ ነው አልኳቸው። ሠላሳ አራት ልጆች በየቅዳሜው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ሲሰግዱልኝ ደስ ይለኝ ነበር። እማዬ አንድ ቀን በር ላይ ቆማ አይታ አልቅሳለች።

መሥሪያ ቤቱ ከአክሱም መድቦት የመጣ ገብረ መድህን የሚባል ሰው አለ፤ እርሻ ቢሮ ነው የሚሠራው። እውነተኛ ጥቁር ቀበቶ አለው። ሁለት ጊዜ መጥቶ አየንና ለብቻዬ ጠርቶ፣ ይህን አቋም የትም አላየሁትም፣ የልጆቹን ጉልበት እንዳይጎዳ፣ ከፈለግክ ላግዝህ አለኝ። አክብሮ ነበር የነገረኝ። እኔ ግን በሰው ክለብ ምን አገባህ ብዬ መለስኩት።

ከልጆቹ መካከል አሚራ የምትባል ነበረች። ቤተሰቦቿ የሚኖሩት አርቦዬ ነው፤ እዚህ አክስቷ ጋ ሆና አሥራ አንደኛ ክፍል ትማራለች። ዝናብ ቢዘንብ፣ ፈተና ቢኖር አትቀርም። «ባርሲሳ» ነበር የምትለኝ፣ በኦሮምኛ መምህሬ ማለቷ ነው። አባቷ ሴት ልጅ ምን ስፖርት ያስፈልጋታል ብሎ ሲከለክላት ሽማግሌ ልካ ነው ያስፈቀደችው። ጥቅምት ላይ አዳማ የክለቦች ውድድር ሲዘጋጅ እሷን አስመዘገብኩ። እንዳትሄድ ማድረግ እችል ነበር። ነገር ግን ሰው ሁሉ መቼ ነው የምትወዳደሩት እያለ ሲጠይቀኝ ሰንብቶ ነበርና እኔም፣ ማን ያውቃል፣ ታሸንፍ ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ስሟ ተጠርቶ ምንጣፉ ላይ ወጣች። የእጇን ጀርባ ግንባሯ ላይ አድርጋ ሰገደች። አንደኛው ዳኛ ያመማት መስሎት ደህና ነሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። ከዚያ ጭላሎ ሦስትን ሠራች። እታለም፣ አሳምራ ነው የሠራችው፣ አንድም ቦታ አልተሳሳተችም። ስትጨርስ ዳኞቹ እርስ በርስ ተያዩና የሠራሽው ምን ይባላል አሏት። ጭላሎ ሦስት አለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። አዳራሹ ሳቀ። ሕጉ ላይ የሌለ ነው፣ ነጥብ ልንሰጥሽ አንችልም፣ ለመሆኑ መምህርሽ ማነው ብለው ጠየቋት። ዞር ብላ እኔ ወዳለሁበት ወንበር በእጇ አመለከተች።

እኔ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ። ክሩ አልተፈታም ነበር። ሰዎቹ ማን እንደሆነ እያፈላለጉ ሲዞሩ፣ እኔ እስኪያልፍ ድረስ ቀና አላልኩም። በሕይወቴ ካደረግኩት ሁሉ የሚያቃጥለኝ ይህ ነው። ስንመለስ በሚኒባሱ ውስጥ ከእኔ ርቃ ከፊት ተቀመጠች።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቤት መጣች። እማዬ ደጅ ነበረችና ግቢ አለቻት። እኔ ክፍሌ ውስጥ የት ላይ እንደተሳሳትኩ ለማየት ፊልሙን ከፍቼ ነበር፤ በሩን አልዘጋሁትም። ቀና ስል አሚራ ቆማለች። ኮምፒውተሩ ላይ የካርቱኗ ልጅ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ትሰግዳለች። አሚራ ቁርዓን ቤት ስለተማረች ዐረብኛ ታነባለች። ሳጥኑን ከጠረጴዛው አነሳች፣ ጀርባውን አየች፣ ለልጆች የሚል ተጽፎበታል አለች። እኔ ይህን እንኳ አላውቅም ነበር።

«መምህርህ ይኼ ነው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

የክለቡን ልብስ አጥባ ተኩሳ ልትመልስ ነበር የመጣችው። አልጋው ላይ አስቀምጣው ወጣች። ለከተማው ታወራለች ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ስሳቀቅ ሰነበትኩ። ለማንም አልተናገረችም። ቅዳሜ ዕለት በራሷ ልብስ መጥታ እንደወትሮዋ ከፊተኛው መስመር ቆመች፤ እጇን ግን ግንባሯ ላይ አላደረገችም።  ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ቅዳሜ ለልጆቹ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ፎቁም፣ ስለ ፊልሙም፣ አዳማ ላይ ስላደረግኩትም። ጉቱ የሚባል ትንሽ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ ታዲያ ጭላሎ ሁለት የለም ማለት ነው ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። ወላጆች መጥተው ብዙ ተናገሩኝ፣ እውነታቸውን ነው። ልጆቹ እንዳይበተኑ ብዬ ገብረ መድህን ቤት ሄጄ ለመንኩት። ሲያስገባኝም ሲሸኘኝም የድሮውን አላነሳብኝም፤ እሺ ብሎ ክለቡን ተረከበኝ። ዐሥራ ዘጠኙ ሳይለቁ ቀጥለዋል። እኔም ከኋላ ቆሜ ነጭ ቀበቶ አስሬ ከሀ እማራለሁ። ጉልበቴ ባጉል ለምዷልና ያስቸግረኛል። አሚራም አለች፤ አሁን ኦቦ ዘሪሁን ነው የምትለኝ፣ ለማንኛውም ትልቅ ሰው እንደሚባለው። ባርሲሳ የምትለው ገብረ መድህንን ነው። እማዬ ነገሩን ከእኔ አፍ ሰምታ ሁለት ቀን አላናገረችኝም፤ በሦስተኛው ቀን፣ ለአፀደ ካልጻፍክ ከእኔ ጋር አንድ ማዕድ አትቀርብም አለችኝ።

ከመጻፌ በፊት ግን ሁሩታ ሄድኩ። ራሄል ገበያው ዳር ትንሽ ሱቅ አላት። ስታየኝ አላወቀችኝም ብዬ ነበር፤ አውቃኝ ኖሯል። ቆሜ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። እዚያ ያሉት ጓደኞቻችሁ ሁሉ፣ ዕቃ የምታስቀር ሰው ናት ተብለው አንድ ዕቃ እንኳ እንደማይልኩባት፣ ስልኳንም እንደማያነሱ ነገረችኝ። ይህን ሁሉ ችዬዋለሁ አለች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «አምና በዐቢይ ጾም እናቴን ቀበርኩ። አፀደ ትደውላለች ብዬ አርባው እስኪወጣ ስልኬን ከእጄ አልለየሁም።»

 እናቷ መሞታቸውን እኔ በጊዜው ሰምቼ ነበር። ለአንቺ አልነገርኩሽም፤ ብነግርሽ ትደውዪላታለሽ፣ ከደወልሽ ነገሩ ይወጣል ብዬ ነው። ለቅሶ ያስቀረሁብሽ እኔ ነኝ እታለም። ፊልሙን ይቅር ብትዪኝ እንኳ ይህን ይቅር በዪኝ ብዬ ለመጠየቅ አፌ አይታዘዝልኝም። ብትቆጪኝ፣ ብትሰድቢኝ፣ ለጊዜው ላናግርህ አልፈልግም ብትዪኝም የሚገባኝ ነው። ብቻ ራሄል ላይ አትፍረጅባት።

ሳጥኑ ምንም አልሆነም፤ ሻርፕሽም አለ። የልጁ ስጦታ ነውና መልሼ ልላክልሽ ወይስ እስክትመጪ ላስቀምጥልሽ፣ አንቺ እንዳልሽ አደርጋለሁ።

እማዬ በጣም ትናፍቅሻለች፤ ወገብሽን በሙቅ ውኃ ያዢው፣ ከባድ ነገር አታንሺ ብላለች። ገብረ መድህን ሳያውቅሽ ሰላም በልልኝ ብሎኛል፤ እውነቱን ልጽፍልሽ መሆኑን ነግሬው ነው። ለሄለን ሰላምታዬን አድርሺልኝ። አሮጊቷንም ጤና ይስጥልኝ በያቸው።

ራሄል ሰላም በልልኝ አላለችኝም። ልወጣ ስል ለአፀደ የምነግራት ነገር አለ ወይ ብዬ ጠየቅኳት፤ ሚዛኑ ላይ ያለውን ሽንኩርት እያስተካከለች፣ ስልክ ቁጥሬን አልቀየርኩም አለችኝ።

ያሳፈረሽ ወንድምሽ
ዘሪሁን እንደሻው
አሰላ፣ ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.