ሐሙስ ሐሙስ ስትደውልልኝ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤

እንዴት ከርመህልኛል? ጨጓራህስ ተወት አደረገህ ወይስ ዛሬም በባዶ ሆድህ ቡና እየጠጣህ ታስቆጣዋለህ? የሚስትህ ወገብ ተሻላት? የልጁ የፈተና ውጤት ከመጣ ጥሩም ሆነ መጥፎ ንገረኝ፤ አክስቱ ትጨነቃለች ብለህ አትደብቀኝ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሰው ፀጉር ሲጠቀልል የሚውል ሰው ጉልበቱ ቢያጉረመርም አይገርምም። ባለቤቴም ደህና ነው፤ ቴሌቪዥኑን ሲሳደብ ይውላል፣ ሲሳደብ ያመሻል።

በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። ስልክ ላይ አንተ ትጠይቃለህ፣ እኔ እመልሳለሁ፤ ምን ምን እንደተናገርኩ ትዝ የሚለኝ ከተዘጋ በኋላ ነው። ደብዳቤ ቀስ ያሰኛል። የጻፍኩትን አንብቤ፣ ያልወደድኩትን ሰርዤ ነው የምልክልህ።

ሴኡል ላይ ልዩ ዐቃቤ ሕጉ የቤተ መንግሥቱን ጓዳ እየበረበረ እንደሆነ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። እዚህ ከተማ ግን ፕሬዚደንቷን መንካት እናትን እንደ መንካት ነው። ግማሾቹ ደንበኞቼ ፎቶዋን ሳሎናቸው ሰቅለዋል። እኛ ደግሞ ምርመራው ተድበስብሶ እንዳይቀር ብለን ቅዳሜ ቅዳሜ ባቡር ጣቢያው ፊት ሻማችንን በወረቀት ኩባያ ይዘን እንቆማለን። አራት ሆነን ጀመርን፣ አሁን ሠላሳ ደርሰናል። የጡረተኛው የፖስታ ቤት ጥበቃ ሚስት ስቆም አየችኝና በማግስቱ ፀጉሯ ግማሹ በቢጎዲን ተጠቅልሎ ሳለ፣ የአገር እናት የሚሰድብ እጅ ፀጉሬን አይነካም ብላ ተነሥታ ሄደች። ቢጎዲኑን ይዛ ነው የሄደችው። በሁለተኛው ቀን ብቻዋን መፍታት አቅቷት ተመለሰች፤ እኔም ፈታሁላት፣ እሷም ሂሳቧን ከፍላ ወጣች። እንዲህ ነው የከረምነው።

ቅዳሜውን የምናቅደው ሰዎች ጥቂት ነን። ሰኞ ፀጉር ቤቱ ዝግ ስለሆነ መጋረጃውን ጋርደን እዚያ እንሰበሰባለን። አንዱ ዱማን ነው፤ የሩዝ ወፍጮ ቤት ያለው፣ ጮክ ብሎ ካልሆነ መናገር የማይችለው። አንዷ ፒልሱን ናት፤ በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ዐሥራ አንድ ዓመት በኮንትራት የሠራች፣ ጥላዋን የምትፈራ ሴት። ሦስተኛዋ ቹንሲል ከሰሜን ኮሪያ አምልጣ የመጣች ናት፤ የምትሠራው እንጉዳይ እርሻው ውስጥ ነው። አራተኛዋ እኔ ነኝ።

የሆነውን በተራ ልንገርህ። መጀመሪያ ድልድዩ ላይ መፈክር የተጻፈበት ጨርቅ ልንሰቅል ተስማማን፤ ቅዳሜ ጠዋት ስንደርስ ድልድዩ በሙሉ «ቀለም እየተቀባ ነው» ተብሎ ታጥሯል። ቀለም የያዘ ሰው ግን አንድም አልነበረም። ቀጥሎ ወደ ሴኡል የሚወስደን አውቶቡስ ተከራየን፤ ዓርብ ዕለት ባለቤቱ ደውሎ፣ እትዬ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ነገ ድንገተኛ ፍተሻ አለብህ ተባልኩ አለኝ። ድንገተኛ ፍተሻን ከነቀኑ አስቀድሞ የሚነግር ማነው? ዱማን፣ መሀላችን ጆሮ ጠቢ አለ አለ። ያን ቀን ሳቅንበት።

ከዚያ የፒልሱን መጣ። ለልዩ ዐቃቤ ሕጉ የምርመራ ጊዜ ይራዘም የሚል አቤቱታ አርባ ሦስት ሰው አስፈረምን። ፒልሱን ሁለት ሳምንት አስባ፣ እስኪላክ ድረስ ስሜን ማንም እንዳያይ ብላ አስምላን ፈረመች። ወረቀቱ ከእኔ መሳቢያ አልወጣም። ሳምንት ሳይሞላ ርእሰ መምህሩ ጠርቶ፣ ከብርዱ ወራት ዕረፍት በኋላ ኮንትራትሽ አይታደስም አላት። ምክንያቱን ብትጠይቀው በጀት አለ፤ በሩን ስትከፍት ግን፣ እናትዬ ስምሽን በየቦታው አትጻፊ አላት። ፒልሱን እዚህ መጥታ ካስኩ ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች። ማንንም አልወቀሰችም፤ ብትወቅሰን ይሻለኝ ነበር።

ጣታችን ቹንሲል ላይ አረፈ። ከሰሜን ለሚመጣ ሁሉ የሚከታተለው ፖሊስ ይመደብለታል፤ ወር በወር እየደወለ፣ ደህና ነሽ ወይ፣ ሥራ እንዴት ነው ይላል። ይህን የማያውቅ ሰው በአገሩ የለም። እኛም እናውቅ ነበር። ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው፤ ዱማን ኑድል ቤት ከፖሊሱ ጋር ስትበላ አይቻታለሁ ሲል የምናውቀውን ሁሉ ረሳነው። ቤቱ ያንቺ ነው፣ ከእንግዲህ እንዳትመጣ አንቺ ንገሪያት አሉኝ።

ነገርኳት። ፎጣ እያጣጠፈች ነበር፣ ማጣጠፉን አላቆመችም። ከዚያ ምን አለችኝ መሰለህ? እዚያ ሰሜንም ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር አለችኝ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ይሰበስቡናል፣ አንድ ሰው ተነሥቶ ጓደኛውን ይከሳል፣ ጓደኛው ደግሞ እሱን፤ እዚህ ቅዳሜ ለሻማ ብቻ መስሎኝ ነበር አለች። እኔም አንገቴን ደፍቼ፣ ፖሊስ ይደውልልሻል እኮ አልኳት። ሳቀች። የኔ ፖሊስ ሲደውል አገር ያየዋል፣ ለእናንተስ ማን ይደውላል አለችና ኮቷን ለብሳ ወጣች። የመጨረሻውን ፎጣ አጣጥፋ ነው የወጣችው።

እኔ ለእነሱ ወንድሜ ፖሊስ ነው ብዬ ተናግሬ አላውቅም። ክፍለ ሀገሩ ከተማ የመንግሥት ሠራተኛ ነው ብዬ ነው የነገርኳቸው። ውሸት አይደለም፤ አንተም ከመከር ወዲህ ወደ መዝገብ ቤት ተዛውሬ ወረቀት አገላብጣለሁ ብለኸኛል። ስለዚህ ምን አስጨነቀኝ?

ቹንሲል ከሄደች በኋላ ሦስት ቀረን። በሚቀጥለው ሰኞ ስልኮቻችንን አጥፍተን የፎጣ ማሞቂያው ውስጥ ከተትናቸው፤ ዱማን፣ ይቀቀሉልሽ አለ። ከዚያ የፊታችን ቅዳሜ ጣቢያው ይቅር፣ ገበያው ውስጥ ዓሣ ተራ እንገናኝ ተባባልን። ይህን የሚያውቅ ሦስት ሰው ብቻ። ሐሙስ አንተ ደወልክ። በዚህ ብርድ ስትቆሚ ልትታመሚ ነው ብለህ ተቆጣኸኝ፤ እኔም እንዳትጨነቅ ብዬ፣ የዚህ ሳምንቱ ጣራ ያለው ገበያ ነው፣ ዓሣ ተራ አልኩህ። ቅዳሜ ዓሣ ተራ ስንደርስ «ወለሉ እየታጠበ ነው» ተብሎ በገመድ ተዘግቷል። ወለሉ ደረቅ ነው። ገመዱ አጠገብ ወፍራም ካፖርት የለበሱ ሁለት ሲቪል ለባሾች ፎቶ ያነሣሉ። አንደኛው እጅ ነሣኝ፤ እንደሚያውቀኝ ሰው።

መጀመሪያ ዱማንን ጠረጠርኩት። አንድ ቀን ሙሉ ጠረጠርኩት፤ በቅርቡ ለገዛው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ገንዘብ ከየት አመጣ ብዬ ሁሉ አሰብኩ፣ አያሳፍርም? እሱም እኔን በጎን ማየት ጀምሯል። ትናንት የሩዝ ኬክ ይዞልኝ መጣ፣ እንደ ወትሮው አልተቀመጠም፤ በር ላይ አቀበለኝና ሄደ። ፒልሱን እንጀራዋን ራሷ አትቆርጥም። እና እኔ ቀረሁ። እኔ ደግሞ ለማን ነገርኩ?

ወንድምዬ፣ ድሮ የምትደውልልኝ በመከር በዓልና በአዲስ ዓመት ብቻ ነበር። እንዲያውም ረስተኸኛል እያልኩ ባለቤቴ ጋ አማህ ነበር። ሻማ ማብራት ከጀመርኩ ወዲህ ግን ሐሙስ ሐሙስ አንድ ቀን አላለፈህም። ደስታዬን አትጠይቀኝ፤ ሐሙስ ከሰዓት ደንበኛ አልቀጥርም ነበር። የድልድዩን ነግሬሃለሁ። የአውቶቡሱን ነግሬሃለሁ። ፒልሱን እንኳ፣ ያቺ ፈሪ፣ ፈረመች ብዬ በኩራት የነገርኩህም እኔው ነኝ። አንተም፣ እትዬ አንቺ እኮ ድንጋይ ታስፈርሚያለሽ ብለህ አሳቅኸኝ።

ዱማን ዘንድሮ ስልክ ሁሉ ተጠልፏል ይላል። እኔም ስልኬ ተጠልፎ በሆነ ብዬ ተመኘሁ። የማያውቀኝ ሰው የሆነ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ የእኔንና የወንድሜን ወሬ ሰምቶ ይሆናል፣ ወንድሜ ምን አጠፋ እያልኩ ነው የሰነበትኩት። ሲነጋ አምነዋለሁ፣ ሲመሽ አላምነውም።

አባታችን የተወሰደ ጊዜ አንተ አምስት ዓመትህ ነበር፤ በጀርባዬ አዝዬህ ነው በር ላይ የቆምኩት። ስድስት ሆነው የሩዝ ጠላ ሲጠጡ ሞቅ ብሎት በዘመኑ ስለነበረው መሪ አንዲት ቃል ተናገረ፤ በማግስቱ ወሰዱት። በአርባ ቀኑ ሲመለስ የግራ ጆሮው አይሰማም ነበር። አጎታችን፣ ከአምስቱ ማን እንደተናገረብህ እናጣራ ሲለው፣ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፣ ተወው አለ። ከአምስቱም ጋር እስኪሞት ድረስ ጠጣ። እኔ ፈሪ ነው እል ነበር። ስድሳ ልደፍን ስል ነው የገባኝ፤ ከአምስቱ አንዱ ከልቡ የሚወደው ሰው ነበር፣ እሱ እንዳይሆን ነው የፈራው።

እኔ ግን አባቴን መሆን አልቻልኩም። እሱ የከፈለው በገዛ ጆሮው ነው። ለእኔ አፍ የከፈሉት ፒልሱንና ቹንሲል ናቸው። ይቅርታ ልጠይቅ ቹንሲል ቤት ሁለት ጊዜ ሄጄ ደጃፏ ላይ ተመለስኩ። ምን እላታለሁ? አንቺ አይደለሽም ካልኳት፣ ታዲያ ማነው ትለኛለች። የሚቀጥለው ሰኞ እንሰበሰባለን፤ ያን ቀን የማውቀውን ለሁሉም እናገራለሁ ብዬ ቆርጫለሁ። የማውቀው ምን እንደሆነ ግን ገና አላወቅሁም።

ስለዚህ አንድ ነገር ልንገርህ። የፊታችን ቅዳሜ ከሌሎቹ ጋር ጣቢያው አልሄድም። አርባ ሦስቱ ፊርማ ያለበትን ዋናውን ወረቀት ይዤ ልክ ቀትር ላይ፣ ባቡር የማይቆምበት የድሮው መንደራችን ጣቢያ እሆናለሁ፤ ከሴኡል የሚመጣ ሰው እዚያ ይቀበለኛል። ይህን ዱማን አያውቅም፣ ፒልሱን አታውቅም፣ ባለቤቴም አያውቅም። ስልኬም አያውቅም፤ አንድ ቃል አልተነፈስኩበትም። የዚህን ደብዳቤ ፖስታ በእጄ አሽጌ፣ በእጄ ፖስታ ቤት ወስጄ፣ በአንተ ስም አደራ ብዬ ነው የሰጠሁት። በዚህ ዓለም ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አንተ። ቦርሳዬ ውስጥ ስላለው ወረቀት አንተ አትጨነቅ፤ አርባ ሦስቱ ስም ማንም እጅ እንዳይገባ አውቄበታለሁ።

እዚያ አግዳሚው ላይ እስኪመሽ እቀመጣለሁ። ማንም ሳይመጣ ቢመሽልኝ ቅር የሚለኝ እንዳይመስልህ፤ እንደዚያ ቀን የምደሰትበት ቀን አይኖረኝም። ጨዋታም አይደለም፣ ቁጣም አይደለም። ማዕረግህ በጸደይ ይነሣል ብለኸኝ ነበር፤ ይነሣልህ ብዬ የጸለይኩት ከልቤ ነው፣ ያን ጊዜም አሁንም። የግድ ሰው መምጣት ካለበት ግን እነዚያን ካፖርት ለባሾች አትላክብኝ፤ የእነሱን ፊት እዚያ ጣቢያ ላይ ማየት አልችልም። አንተው ና።

ጨጓራህን ሰማይ ይማርልህ። ልጅህ ከተመኘው ይድረስ፣ አባቱን ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ይሁን። ቤትህን ሰላም ያድርገው። ብርዱ ጸንቷልና ስትወጣ ደረትህን ሸፍን።

በጀርባዋ ያሳደገችህ ታላቅ እህትህ