አስራ አራት የሥራ ቀናት

ውድ እናቴ፣

"ልጄ ውሻ ገዳይ ሆነች ወይ?" ብለሽ ጎረቤታችንን እትዬ ሳፍታን በስልክ እንደጠየቅሻት ሰምቻለሁ። እኔን ትተሽ እሷን መጠየቅሽ ትንሽ ከፍቶኝ ነበር። ግን አልፈርድብሽም፤ ስትደውዪ "ሥራ ደህና ነው" እያልኩ ወሬ የማስቀይረው እኔው ራሴ ነኝ። አሁን ሁሉንም ልጽፍልሽ ነው። ረጅም ነው፣ መጨረሻው ግን ደህና ነው፤ ስለዚህ ሳትጨነቂ አንብቢው።

ከሁሉ በፊት ግን እንዴት ነሽ እማዬ? ክርስቶስ ተነስቷል። ዘንድሮም በዓሉን ያላንቺ ዋልን። ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ያ ሐኪም ያዘዘልሽ ቅባት ረዳሽ ወይስ አሁንም ደረጃውን ወደ ጎን ነው የምትወጪው? እዚያ ጣሊያን የምትጦሪያቸው አሮጊቷ ሲኞራ ኦታቪያስ እንዴት ናቸው? እህል መቅመስ ጀመሩ? አሁንም ስምሽን ረስተው በእህታቸው ስም ነው የሚጠሩሽ? እዚያው አጠገብሽ ያለችው አክስቴ ዜኖቪያስ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አባባ የወይኑን ግረዛ በጊዜው ጨርሷል፤ አያቴ ጆሮው ብሶበት "እንዴት አደርክ?" ስንለው "በልቻለሁ" ይላል እንጂ እሱም ጤነኛ ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ በስልክ ሲሆን አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ እቆጣለሁ፣ ከዚያ አንዳችን እንዘጋዋለን ብዬ ነው። ይህን ጣሊያን የሚመላለሰው የቅዳሜው ሚኒባስ ሹፌር ከአይቡና ከአባባ ወይን ጋር ያደርስልሻል።

መልሱን ባስቀድምልሽ ይሻላል። አዎ፣ አንድ ውሻ በእጄ ገድያለሁ። መኪና የገጨው፣ ከወገቡ በታች የማይሰማው ሽማግሌ ውሻ ነበር፤ ውሃ እንኳ ተኝቶ ነበር የሚጠጣው። በማዘጋጃ ቤቱ የውሻ ማቆያ አስራ ሰባት ዓመት የሠሩት ጋሽ ኦኑፍሬ ራሱን ጭናቸው ላይ አድርገው ያዙልኝ። እንደዚያ ያለ ዛሬም ቢመጣ ያንኑ አደርጋለሁ፤ የተማርኩት ለዚህም ጭምር ነው። እትዬ ሳፍታ የሰማችው ግን የሠላሳ አንዱን ውሾች ወሬ ነው። እነሱን አልገደልኳቸውም። ሁሉም አሉ።

ሕጉን ታውቂዋለሽ። ከጎዳና የተያዘ ውሻ አስራ አራት ቀን ማቆያ ይቀመጣል፤ ባለቤቱ ካልመጣ፣ ሌላም ወሳጅ ካልተገኘ፣ ማዘጋጃ ቤቱ በመርፌ ሊያስገድለው ይችላል። ያለ ሐኪም ፊርማ ግን አይሆንም፤ ሐኪሟ ደግሞ ከፌብሩዋሪ ጀምሮ እኔ ነኝ። ማቆያው ለስልሳ ውሻ ነው የተሠራው። ኤፕሪል 16 ቀን በአንድ አፈሳ ሠላሳ አንድ ሲያመጡብን መቶ አራት ሆኑ። በአንድ ክፍል አምስት አምስት ገብተው ሲነካከሱ ቁስላቸውን ስሰፋ ነበር የምውለው።

አፈሳውም ያለምክንያት አልመጣም፣ እውነቱን ልንገርሽ። የዳቦ ቤቷ ኤውላሊያ ተነክሳ ነው። በባህል አዳራሹ ስብሰባ ተጠርቶ እግሯን በፋሻ ጠቅልላ መጣችና፣ "ውሻ የምትወዱ ሁሉ ነገ ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ከእኔ ጋር በእግራችሁ ወደ ሥራ ኑ፤ ከዚያ እንነጋገራለን" አለች። በየቀኑ ለጎዳና ውሾች ፍርፋሪ የሚያዞሩት ጡረተኛዋ መምህርት እትዬ ቴክላ ብቻ ተነስተው፣ "ነፍስ ለማጥፋት ማን ሥልጣን ሰጣችሁ?" ብለው ጮኹ። ከዚያ አንዱ "ዶክተሯ ትናገር" አለ። ስነሳ፣ "ይቺ ናት እንዴ? እኔ የዶክተሯ ልጅ መስላኝ" ብሎ አሳቀብኝ። መፍትሔው ማምከን እንደሆነ፣ የገደልነውን ያህል በዓመቱ ተወልዶ እንደሚተካ ተናገርኩ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ "ለውሻ ቀዶ ሕክምና! እኔ ለዚች ቡአዬ ስምንት ወር ወረፋ ይዣለሁ" አሉ። እውነታቸውን ነው። ከአዳራሹ ስወጣ ግማሹ ሰው ገዳይ፣ ግማሹ የውሻ ጠበቃ ይለኝ ነበር።

የማቆያው ኃላፊ አቶ ዳምያንም እትዬ ሳፍታ እንደምታወራቸው አውሬ አይደሉም። ቢሮ ጠርተው፣ "ውሻ አልጠላም፣ ቤቴ ሁለት አሉ። ግን ሰኞ መኪናው ዘጠኝ ይዞ ይመጣል። የት ላስቀምጣቸው? ቦታ አሳዪኝና እንዳልሽው እናድርግ" አሉኝ። ቦታ አልነበረኝም። ዝርዝሩን ሰጡኝ፤ ሠላሳ አንድ ቁጥር፣ ከጎኑ "የማይፈለግ" የሚል ዓምድ፣ ከሥሩ የእኔ ፊርማ ቦታ። ቀኑ ማክሰኞ ኤፕሪል 30። የሙከራ ጊዜዬ በሜይ እንደሚያበቃና እኔ ካልፈረምኩ የሚፈርም ሐኪም እንደሚፈለግ በቀስታ ጨመሩልኝ። ስድስት ዓመት አንቺ የሰው ቤት እየጠረግሽ የተማርኩት ትምህርት እዚያ ወረቀት ላይ ሊያበቃ መሰለኝ።

ያዳነኝ የጋሽ ኦኑፍሬ እምቢታ ነው። ቀኑን ሲሰሙ አካፋቸውን ግድግዳ ላይ አስደገፉና፣ "በህማማት ማክሰኞ? እኔ በህማማት ዶሮ አርጄ አላውቅም። አልይዝም። ከፈለጉ ያባሩኝ" አሉ። አቶ ዳምያን ደግሞ፣ "ቀኑን እኔ አልመረጥኩትም፤ አስራ አራቱ ቀን የሚሞላው ያን ዕለት ነው" አሉ። እኔም ለበዓል የሚዘገይበት መንገድ ካለ ብዬ ሕጉን አወጣሁ። ትምህርት ቤት አንብቤዋለሁ፣ ግን ለፈተና ነበር ያነበብኩት። አሁን ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ ሳነብ፣ አስራ አራት የሥራ ቀናት ይላል። የሥራ ቀናት፣ እማዬ። እኛ ዘንድ ግን ሁሌም የሚቆጠረው ከግድግዳው ካላንደር ላይ ነው፤ ቅዳሜው፣ እሑዱ፣ በዓሉ፣ ሁሉም ይቆጠራል። ከእኔ በፊት የነበሩትም እንደዚያው አድርገዋል፤ ማንም አልጠየቀም።

ለጋሽ ኦኑፍሬ ሳሳያቸው ኮፍያቸውን አወለቁ። "እንግዲህ እነዚያ ሁሉ እስከ ዛሬ የያዝኳቸው…" ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። እኔም እንዲጨርሱት አልፈለግሁም። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ካላንደሩ ላይ በዓላቱን በቀይ መክበብ ነው።

አቶ ዳምያን መስመሩን ሁለት ጊዜ አነበቡ። ከዚያ በስክሪብቶ ቆጠሩ። ሜይ ዴይ ወጣ፣ ስቅለት ወጣ፣ የፋሲካ ማግስት ወጣ። "ሜይ ዘጠኝ" አሉ። "ሜይ ዘጠኝ" አልኩ። "እሺ፣ ዘጠኝ ቀን ሰጠሁሽ" አሉኝ። የሰጡኝ እርስዎ አይደሉም፣ ሕጉ ነው ልል አፌ ድረስ መጥቶ ዋጥኩት። አንቺ ብትሆኚ ኖሮ ኮርተሽብኝ ነበር፤ መዋጥ አልችልበትም ትዪኝ የለ?

ፋሲካ መሆኑ ነው ሁሉን የለወጠው። ከተማው እንዴት እንደሚሞላ ታውቂያለሽ፤ ከቶሪኖ፣ ከማድሪድ፣ ከየትም የሄደው ሁሉ ተመልሶ በየደጁ የውጭ ታርጋ ይቆማል። እኔና ጋሽ ኦኑፍሬ ሠላሳ አንዱንም ፎቶ አንስተን፣ የተያዙበትን መንገድ ከሥሩ ጽፈን፣ በሆሳዕና ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ አጥርና ሚኒባሶቹ በሚቆሙበት ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ሐሙስ ድረስ የመጣው ሁለት ሰው ነው። ሐሙስ ማታ እራቴን ሳልበላ ተኛሁ።

ቅዳሜ ሥዑር ከሰዓት አንድ የአርባ ዓመት ጎልማሳ መጣ። ሴቨሪን ይባላል፤ ቶሪኖ ግንበኛ ነው። ፎቶውን አይቶ እርግጠኛ አልነበረም። ውሻው ግን ገና በሩን ሲከፍት ድምፁን ሰምቶ ፍርግርጉ ላይ ወጣ፤ አቃሰተ፣ ሸና፣ ዞረ፣ መግቢያ አጣ። ውሻውን ትቶ የሄደው እናቱ ጋ ነበር፤ እሳቸው በመጸው አርፈዋል፣ ቤቱ ተዘግቷል፣ ጎረቤቶች "ሞቷል" ብለውታል። ጋሽ ኦኑፍሬ በሩን እየከፈቱ፣ "አንተ በፌስቡክ 'ከተማውን ከውሻ አጽዱልን፣ ስንመጣ እናፍራለን' ብለህ የጻፍከው አይደለህም?" አሉት። "ነኝ" አለ። "ይኸው፣ አጽድተን አስቀምጠንልሃል።" ሴቨሪን አልተቆጣም። ሲሚንቶ የበላው እጁ በውሻው አንገት ላይ ሆኖ፣ "እሱን አላሰብኩም ነበር፣ ጋሼ" ብቻ አለ። በማግስቱ ዘመዶቹንና የዘመዶቹን ጎረቤቶች ሰብስቦ አመጣ።

ከዚያ በኋላ በር መዝጋት አልቻልንም። ዘጠኙን ባለቤቶቻቸው ወሰዷቸው፤ አብዛኞቹ ለሥራ ወደ ውጭ ከሄዱ ሰዎች ቤት የወጡ ነበሩ። አስራ ሁለት አዲስ ቤት አገኙ፣ አራቱን እትዬ ቴክላ ያሉበት የውሻ ወዳጆች ማኅበር ወሰደ። ያን "የማይፈለግ" የሚል ዓምድ ደጋግሜ አየዋለሁ። አስራ አንድ ዓመቴ ሳለ አንቺ አውቶቡስ ላይ ስትወጪ "ጥላት ሄደች" ያሉኝ ነበሩ። በየእሑዱ ስልክ ላይ ትምህርቴን፣ ጥርሴን፣ ካልሲዬን ስትጠይቂኝ ግን ማን እንደተሳሳተ አውቅ ነበር። ከሰው የራቀ ሁሉ ያልተፈለገ ነው ሲሉኝ ስለዚህ አላምንም።

ሜይ ዘጠኝ አቶ ዳምያን ጠዋት መጡ። ክፍሎቹን አንድ በአንድ አዩ። ከሠላሳ አንዱ የቀሩት ስድስት ብቻ ነበሩ። ባዶ ክፍል ፊት ቆመው፣ "እዚህስ ማን አለ?" አሉ። "ማንም።" "የፊታችን ሰኞ የሚመጡት ይገቡበታላ።" ዝርዝሩን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ እነዚያ ስድስቱም እንዲቆዩ ፈቀዱ። ለእኔ የአንድ ዓመት ውል ሰጡኝ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ እማዬ፤ ጋሽ ኦኑፍሬ መሀረብ አጥተው የውሻ ፎጣ ሰጡኝ። ከዚያ ጀምሮ እንቅልፌ ተመልሷል፣ እበላለሁ፣ አባባ "ፊትሽ በራ" ይለኛል።

ግን አቶ ዳምያን ሲወጡ፣ "ዘንድሮ ፋሲካ አወጣሽ። በኖቬምበር ማን ይመጣልሻል?" አሉኝ። ለዚህኛው መልስ አለኝ፣ ያለአንቺ ግን አይሆንልኝም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዕረፍታችሁ ሲሆን የአገራችን ሴቶች በሙሉ እዚያ መናፈሻ ትሰበሰቡ የለ? እያንዳንዷን ጠይቂልኝ፤ ውሻ ትታ መጥታ ከሆነ ከማን ጋር፣ በየትኛው መንደር፣ ስሙስ ማን ነው። እኔና ጋሽ ኦኑፍሬ በየመንደሩ ሄደን እናመክነዋለን፣ ቆዳው ሥር በመሣሪያ የሚነበብ ቁጥር እናስገባለታለን፤ ቢጠፋና ቢያዝ ለማን እንደምንደውል እናውቃለን። አንዳንዶቹ ያፍሩ ይሆናል። አታስጨንቂያቸው፤ ማንም አይወቅሳቸውም በያቸው።

ሲኞራ ኦታቪያን እጃቸውን ሳሚልኝ፤ እህታቸው መስለሻቸውም ቢሆን ሰላምታዬን ይቀበሉ። አክስቴ ዜኖቪያን አቅፈሽ ሳሚልኝ፣ የወንድ ልጇንም ጉንጭ። አባባ ናፍቆቱን በጽሑፍ አይችልበትምና ወይኑን ቅመሺው ብሎሻል። አያቴ "ንገሯት" ብሏል፤ ምን እንደሆነ ግን አልነገረንም። እትዬ ሳፍታም ትስምሻለች።

ከሐሙስ በኋላ ጻፊልኝ እማዬ። የአንድ ውሻ ስም ብቻ ብታገኚ እንኳ ጻፊው፤ ያን ስም ሲጠሩት ጆሮው የሚቆም አንድ ውሻ እዚህ አንድ መንደር ውስጥ አለና።

የምትወድሽ ልጅሽ
ሩክሳንድራ

ብራድሼኒ፣ ሩማንያ
እሑድ፣ ሜይ 12 ቀን 2024