ከብርዱ በፊት ያልፈሰሰው ውሃ

ኅዳር 3
ፀሐዩ ጥሩ ነው። ስድስተኛው ኩሬ እየተነነ ጎድሏል፤ ጨዉ ከስር ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ከሰዓት አጎቴ ወደምሠራበት ላቦራቶሪ መጡ። የኩሬዎቹ ኃላፊ እሳቸው፣ እኔንም ያሳደጉኝ እሳቸው። የወሰድኩትን ናሙና በጣታቸው ቀመሱና ፊታቸውን አጨማደዱ።
«የኔ ልጅ፣ ጨዉ ወርዷል። የተረፈውን ውሃ እናፍስሰው፤ ብርድ እየመጣብን ነው።»
«ጨው እኮ ብርድ አይፈራም፣ ጋሼ። በሙቅም በቀዝቃዛም የሚሟሟው ያው ነው። ሳምንት ይተን፣ ብዙ እናገኛለን።»
«እሺ... የተማርሽው አንቺ ነሽ።»
ደስ አለኝ።

ኅዳር 9
ውርጭ አደረ። ጨዉ ላይ እንደ መርፌ የቀጠነ ነገር ተጋግሮበታል። ቀመስኩት። እሬት!
የገበታ ጨው ብርድ አይነካውም፣ እውነት ነው። ግን ውሃው ውስጥ ሌላም ጨው ነበር፣ መራራው። እሱ ሙቀት ሲያገኝ ይሟሟል፣ ሲበርደው ይወርዳል። ውሃው ተንኖ ተንኖ መራራው ብቻ ታጭቆበት ነበር። ይህንን ተምሬዋለሁ እኮ! ምን ነካኝ? ቢታጠብ ደግሞ ደህናው ጨው አብሮ ይሟሟል። የስንት ወር ልፋት...

ኅዳር 10
ስብሰባ። ሥራ አስኪያጁ «ውሃው ለምን አልፈሰሰም? ኩሬው የማን ነው?» አለ። ሁሉም ወደ አጎቴ ዞረ። አጎቴ ወደ እኔ። እኔ ወረቀት አገላበጥኩ።
«የኔ ነው» አሉ አጎቴ። ሥራ አስኪያጁ በዚያው ከሥራ አሰናበታቸው።

ኅዳር 11
ናሙና ስመዝን ዋልኩ።

ኅዳር 17
አክስቴ፣ የአጎቴ ሚስት፣ ደወለች። «ጠዋት የሥራ ልብሱን ለብሶ በር ላይ ይቆማል። ከዚያ ተመልሶ ይቀመጣል። ምን አጥፍቶ ነው? ለኔ አይነግረኝም።»
ለሷም አልነገሯት... ምን ልበላት?

ኅዳር 18
ሥራ አስኪያጁ ጋ ገባሁ። «እሳቸው እናፍስስ ብለው ነበር። እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»
ቀና ብሎ አየኝ። «ታዲያ ያን ቀን ምላስሽን ምን ያዘው?»
ከላቦራቶሪ ጨው ወደሚታሸግበት ከረጢት ክፍል አዛወረኝ። አጎቴ እንዲመለሱ ሰው ላከባቸው።

ታኅሣሥ 2
አጎቴ ዛሬ ሥራ ጀመሩ። ሠራተኛው እየተሻማ አቀፋቸው። እስኪበተን ጠብቄ ቀረብኩ።
«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።»
«ይቅር ለእግዜር» አሉ ወዲያው። ጉንጬንም ሳሙኝ። ተገላገልኩ ስል፣
«እርስዎስ ደህና ሰነበቱ?» አሉኝ።
እርስዎ... ከሕፃንነቴ ጀምሮ አንቺ እንጂ ሌላ ብለውኝ አያውቁም።
«ደህና» አልኳቸው።