ሦስት ጊዜ የወደቀችው ሞተር

ገነተ ማርያም፣ ላስታ
ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጎንደር ለምትገኘው ለልጄ ለፋና ደግሰው፤

የአባትሽ ሰላምታ ከዚህ ደጋ ተነሥቶ ካለሽበት ይድረስ። እናትሽ ውባንቺ ደህና ናት፤ ምላሷም ደህና ነው። ይህን ስጽፍ እንኳ አጠገቤ ተቀምጣ «ቶሎ ወደ ጉዳዩ ይግቡ እንጂ፣ ልጅቱ ፈተና አለባት» እያለች ትነዘንዘኛለች። ስልኩ ኔትወርክ ካጣ ሁለተኛ ሳምንቱን ያዘ። ጎረቤታችን ይታገሱ ነገ ለሕክምና ወደ እናንተ ስለሚነሣ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ልብሽ እንዳይንጠለጠል ፍሬ ነገሩን አስቀድሜ ልንገርሽ። ሞተርሽ ተገዝታለች፤ ደህና ናት። አሁን ግቢያችን ውስጥ በላስቲክ ተሸፍና ቆማለች። ዶሮዎቹ ሊሰፍሩባት ይሞክራሉ፤ እናትሽ ከሥር ከሥር ታባርራለች።

ምን ብዬሽ እንደነበር አልክድም። «የመሪጌታ ልጅ ሞተር ተፈናጥጣ በዚህ ገደል ስትወጣ ስትወርድ ከማይ ዓይኔ ቢጠፋ ይሻለኛል» ብያለሁ። አንቺም አልጮኽሽብኝም። «አባዬ፣ ዓይናዲስ ምጥ ይዟት ላዋልዳት በእግሬ አራት ሰዓት ሄጄ ስደርስ ሕፃኑ አልፎ ነበር» አልሽኝ። ይህን ካልሽኝ በኋላ ምን እላለሁ? ለስልጠናው ስትሄጂ ደግሞ አደራ ጣልሽብኝ፤ «ቀለሟን አይዩ፤ የየዓመቱን የምርመራ ወረቀቷን ያንብቡ» ብለሽ። ዕድሜ ልኩን ሲያነብ ለኖረ ሰው ጥሩ ሥራ ሰጠሽው!

መጀመሪያ ያየኋት ላሊበላ ከተማ ውስጥ ያለች ቀይ ሞተር ናት። ደላላው አለሜ የሚባል፣ ምላሱ ቅቤ የሆነ ሰው ነው። ሞተሯን አጥቦ ወልውሎ አቆማት። እኔ ግን እንዳልሽኝ ዘወር ብዬም አላየኋት፤ ወረቀት አምጣ አልኩት። የ2015ንና የ2016ን ምርመራ ዘረጋልኝ፤ የ2017ቱን ነገ አመጣለሁ አለ። አነበብኩ። ፍሬን፣ ብቁ። ጎማ፣ ብቁ። መብራቱም፣ ካቴናውም፣ መሪውም ብቁ፣ ብቁ፣ ብቁ! አንዲት ነቀፋ የለባትም። ሥርዝ ድልዝ የሌለው ጽሑፍ እንዴት እንደሚያሸንፈኝ ታውቂያለሽ። ተስማምቼ እጄን ልሰጠው ምንም አልቀረኝ።

ከዚያ ቀኑን ልይ ብዬ መነጽሬን አደረግሁ። «ጳጉሜን 6 ቀን 2016» ይላል። መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁና ደግሜ አየሁ፤ ያው ነው።

«አለሜ፣ የ2016 ወንጌላዊ ማን ነበር?» አልኩት።

«እ?»

«ዮሐንስ ነው። በዘመነ ዮሐንስ ጳጉሜን አምስት ቀን ናት። ስድስት የምትሆነው በሉቃስ ነው፤ እሱም 2015 ላይ አለፈ።»

«ኧረ መሪጌታ! በአንድ ቀን እንጣላ እንዴ? የጸሐፊ ስሕተት ነው።»

«ያቺን ቀን እግዚአብሔር አልፈጠራትም! ባልተፈጠረ ቀን ማን ነው ፍሬን የፈተሸው?»

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ሰው ከበበን። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ብይዛቸው ያው ጽሕፈት፣ ያው ማኅተም፤ በ2015ቱ ላይ ፊርማው ሥር የፈሰሰችው የቀለም ጠብታ እንኳ በ2016ቱ እዚያው ቦታዋ ላይ ፈስሳለች። አንዱን ፎቶ ኮፒ አስነሥቶ ዓመቷን ብቻ ለውጧል። የሄደችው ኪሎ ሜትርም ቁጥሩ አልተንቀሳቀሰም። ይህች ሞተር ዓመቱን ሙሉ ወይ ቆማ ነበር፣ ወይ በክንፍ ስትበር ነበር አልኩት። ሰው ሳቀ። አለሜ ወረቀቱን ከእጄ መንጭቆ ሄደ።

ሁለተኛዋን ያየሁት ኩልመስክ ነው። ባለቤቷ መሐመድኑር የከብት ሐኪም ነው፤ በአራቱም አቅጣጫ በሞተር እየዞረ ከብት ሲያክም ኖሮ አሁን ወደ ቤተሰቡ ሊዛወር ነው። ጥቁር ሞተር ናት፤ ቀለሟ ተፋፍቋል፤ መቀመጫዋ በመርፌ ተሰፍቷል። ወረቀቷን ከላስቲክ ከረጢት አውጥቶ ሰጠኝ። የ2014ቱን ስከፍት «ፍሬን፣ ብቁ አይደለም» ይላል። የ2015ቱ ጎማዋን ጥሏል። የ2016ቱ ካቴናዋን። ሦስት ዓመት ሦስት ጊዜ የወደቀች!

«አንተ ሰው፣ ይህንን ለገዢ ታሳያለህ?» አልኩት።

«አብሽሩ መሪጌታ» አለኝ ሻይ እያቀረበልኝ። «ወላሂ ሌላ ወረቀት የለኝም፤ የሆነችውን ነው የማሳይዎ። ገልብጠው ይዩት።»

ገለበጥኩት። ከእያንዳንዱ የወደቀችበት ወረቀት ጀርባ ሌላ ወረቀት በስፌት ተያይዟል፤ ሳምንት፣ ቢበዛ ዐሥር ቀን ቆይቶ የተጻፈ። ፍሬኑ ተቀይሮ ብቁ። ጎማው ተቀይሮ ብቁ። በ2017 ግን ያለ አንዳች እርማት አልፋለች። ኪሎ ሜትሩ ደግሞ በየዓመቱ ይጨምራል፤ ሐሰት ቢሆን እንዲህ አይጨምርም።

እዚያው ተቀምጬ ተማሪዎቼ ትዝ አሉኝ። ቀለም ሲቀጽል፣ የተቀበለውን ለመምህሩ ሲያሰማ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ያልታረመ ልጅ አይቼ አላውቅም። አለ ከተባለም መምህሩ አላደመጠውም ማለት ነው። ቀዩዋን ማንም አላደመጣትም፤ ይህችን ግን በየዓመቱ አድምጠዋታል።

አንድ ነገር ግን ቀረኝ። መንገድ ላይ የማውቀውን መካኒክ «ሞተር ወድቃ ሰው እንደጣለች በምን ይታወቃል?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «መሪዋና ሻንሲዋ ይጣመማል» አለኝ፤ ሻንሲ የሚሉት አጥንቷን ነው። ስለዚህ ያንን መስመር ብቻ ይዤ ከ2014 እስከ 2017 ወረድኩ። መሪ፣ ብቁ። ሻንሲ፣ ብቁ። በአራቱም ዓመት! ሲሠሩበት የሚያልቀው አልቆ ተተክቷል፤ የሚሰበረው ግን አልተሰበረም። ሰው አልጣለችም ማለት ነው። ያን ጊዜ ሻዩን ጠጣሁለት።

በነጋታው ግን ዓይኔ እያየ ትመርመር ብዬ ወልድያ ልንወርድ ተነሣን። ከመሐመድኑር ኋላ ተፈናጠጥኩ። አትሳቂ! ጥምጣሜን በጋቢዬ ጠፍሬ፣ የሰውየውን ወገብ እንደ ሕፃን ይዤ፣ ውዳሴ ማርያምን ከሰኞው ጀምሬ ድልብ ከሚባለው ቁልቁለት ስንደርስ የዓርቡ ላይ ነበርኩ። እዚያ መታጠፊያው ላይ ጭድ የጫነች አህያ መንገዱን ዘግታ ቆማለች። «በስመ አብ!» ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው አህያዋ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆማ ታየኛለች፤ እኛም ቆመናል። መሐመድኑር «አልሐምዱሊላህ» አለ፣ እኔም «ተመስገን» አልኩ፤ አህያዋ ብቻ ምንም አላለችም።

አሁን የማልነግርሽን ልንገርሽ፤ እናትሽ ወጥ ልታይ ወጥታለች።

ልጄ፣ እኔ ከቤት የወጣሁት ሞተር ልገዛ አልነበረም። ላስቀር ነበር። ወረቀቱን አነበብኩ፣ ነቀፋ አገኘሁ፣ ይቅርብሽ ልልሽ ነበር አሳቤ። በአለሜ ላይ የጮኽኩት ተናድጄ አይምሰልሽ፤ በልቤ እልል ብያለሁ። የመሐመድኑር ወረቀት እውነተኛ ሲሆንብኝ ደግሞ ከፋኝ። ምርመራ ጣቢያው ደርሰን ሞተሯን ሲረከቡን ዞር ብዬ ምን ብዬ እንደ ጸለይኩ ታውቂያለሽ? «አምላኬ፣ ጣላት» ብዬ ነው። የኔን ጸሎት አየሽልኝ!

መርማሪዋ ሴት ናት። ሰማያዊ ቱታ የለበሰች፣ ያንቺ እኩያ። ለማን ነው አባቴ አለችኝ። «ለልጄ። አዋላጅ ናት፤ ምጥ የያዛቸው ጋ የምትሄድበት ነው» አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እንዲያ ከሆነ ፍሬኗን እንደገና ልየው» ብላ ራሷ ተፈናጠጠችና በግቢው ዞረች። እያስሮጠቻት ትመጣና ጥርቅም ታደርጋታለች፤ እንደገና ትሄዳለች፣ እንደገና ጥርቅም። አራት ጊዜ። ጀርባዋ ቀጥ ብሎ፣ እጇ ሳይንቀጠቀጥ። አንቺን አየሁሽ። ያን ሁሉ ወራት በአሳቤ አንቺን በገደሉ ሥር ወድቀሽ እንጂ ሞተሩ ላይ ተቀምጠሽ አይቼሽ አላውቅም ነበር።

ወርዳ «ብቁ» ብላ ስትጽፍ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። መሐመድኑር አሞኝ መስሎት ውሃ አመጣ። አሞኝ አይደለም፤ ቀሎኝ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፌን እተኛለሁ።

ሊብሬው በስምሽ ይዛወራል፤ ስትመጪ ትፈርሚያለሽ። ፍሬኗ ባነሰ ቁጥር ዛሬ ነገ ሳትዪ አሳዪው፤ ምርመራ ላይ ብትወድቅ እንዳታፍሪ፣ ወረቀቱንም እንዳትጥዪው። እናትሽ «ምጥ የያዛት ሴት አትጠብቅም፤ ፋና መምጫዋን ታፋጥን» ብላለች፤ መቼስ እሷ ከሁላችን በፊት ነው የወሰነችው።

እኔ ግን አንዲት ልመና አለችኝ። ሥራሽን ጨርሰሽ ግቢ ስትገቢ ሞተሯን ቶሎ አታጥፊያት። እኔ ተኝቼም ቢሆን፣ መጽሐፍ ይዤም ቢሆን፣ ደጅ ላይ ጥቂት ትጩህልኝ። መግባትሽን ልስማ።

ቁልቁለቱን ሜዳ፣ ጭጋጉን ብርሃን ያድርግልሽ። በእጅሽ የሚወለዱት ሁሉ አልቅሰው ይወለዱ። ቅዱስ ሩፋኤል በምጥ የተያዘን ማኅፀን የሚፈታ ነውና፣ ካንቺ ኋላ እሱ ይፈናጠጥ።

አባትሽ
መሪጌታ ደግሰው ምስጋኑ