ረግረጉን ያስለኩት እኅታችን

እኅታችን አናጺ ከነበሩት አባታቸውና ልብስ ሰፊ ከነበሩት እናታቸው ሚያዝያ 3 ቀን 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱባት ቤት ሁለት ክፍል ነበረች። አንዱ የአባታቸው መሥሪያ ስለነበር፣ ያደጉት የእንጨት ፍቅፋቂ እየረገጡ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ታናሽ ወንድማቸው ተከተለ።

በሠፈሩ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥረው አንደኛ እየወጡ ዘለቁ። የቤቱ አቅም ሁለት ልጅ ስለማያስተምር፣ ወንድምየው ከስድስተኛ ክፍል ወጥቶ መጋዝ ያዘ። ይህ የሚነሳው ለወቀሳ አይደለም፤ የሆነ ነገር ስለሆነ ነው። እኅታችን በ1964 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በ1971 ዓ.ም. የላቦራቶሪ ባለሙያ ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ። በ1977 ዓ.ም. በአካባቢ ሳይንስ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ይዘው በተማሩበት ግቢ መምህርት ሆኑ። ወንድማቸውን ከጉድጓድ ውሃ በሚስበው የግቢው ሞተር ክፍል ያስቀጠሩትም እሳቸው ናቸው፤ ውለታው አልተረሳም።

ከትልቁ አዳራሽ ጀርባ ያለውን ረግረግ ሰው ሁሉ የትንኝ መፈልፈያ ይለው ነበር። እኅታችን ግን በ1984 ዓ.ም. ቦቲ ጫማ አጥልቀው ገቡና ቁጥር የተጻፈበት የብረት ዘንግ ተከሉበት። ተማሪዎቻቸው «እመት ረግረግ» ያሏቸው ያኔ ነው፤ ሰምተው ይስቁ ነበር። ወንድማቸው በየጠዋቱ፣ ሞተሩን ሳያስነሳ፣ ውሃው ከዘንጉ የደረሰበትን ቁጥር ከጉድጓዱ ውሃ ልክ ጋር በደብተር እንዲጽፍ አዘዙት። «አደራ ወንድምዓለም፣ ያላየኸውን እንዳትጽፍ። ካልሄድክ መስመሩን ባዶ ተወው፤ በባዶ መስመር አልቆጣህም» አሉት። አሥራ ሦስት ዓመት እንዲሁ ሄደ።

በ1997 ዓ.ም. ጥናታቸው ታተመ። በምስጋናው ገጽ ላይ ዲኑ አሉ፣ ጸሐፊዋ አለች፣ ሾፌሩም አለ። ውሃውን የለካው ግን «አንድ የግቢው ሠራተኛ» ተብሎ ታለፈ። የእናት ልጅ! ወንድምየው በዚህ ተቀይሞ አርባ ቀን ሙሉ ሞተር ክፍሉ ተቀምጦ ቁጥሩን ከራሱ እያወጣ ሞላ። ይህ ጥፋቱ ነው፤ እዚህም ይጻፍ።

በቀጣዩ ዓመት የዩኒቨርሲቲው ጉባኤ ረግረጉን በአፈር ደፍኖ መኪና ማቆሚያ ሊያደርገው ተነሳ። ረግረጉ ሲጎድል ግቢው የሚጠጣው የጉድጓድ ውሃም እንደሚጎድል እኅታችን በደብተሩ ሊያስረዱ ሲዘጋጁ፣ አርባዎቹን ቀናት ደረሱባቸው። ደብተሩን ይዘው ሞተር ክፍሉ መጡ።

«ዝናብ በዘነበ ማግስት ውሃ የሚቀንሰው የት አገር ነው?» አሉት።

«እታለም፣ አንቺስ ስሜን የት ጣልሽው?» አላቸው።

እኅታችን የነዳጅ በርሜሉ ላይ ተቀምጠው ደብተሩን እንደገና ገለጡ።

ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም ነበር። በጉባኤው ፊት ግን ቆመው አርባውን መስመር አንድ በአንድ በቀይ ሰረዙ። «እነዚህ አልተለኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የሚለካልኝ ወንድሜ ነው፣ እኔ ግን ወንድሜ ብዬ መጻፍ አፈርኩ» አሉ። ከኋላ አንዱ «እመት ረግረግ ሰመጡ!» ሲል አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ከሳቁት አንዳንዶቹ ዛሬ ከፊት ወንበር ላይ አሉ፤ ስለመጡ እናመሰግናለን። እኅታችን ሳቁ እስኪያልፍ ጠብቀው «የቀረውን ካላመናችሁ መሐንዲሳችሁ ዓመት ይለካ» ብለው ተቀመጡ።

መሐንዲሱ ዓመት ሙሉ ለካ። ረግረጉ ሲወርድ ጉድጓዱ አብሮ ሲወርድ በገዛ ዓይኑ አየ፤ መኪና ማቆሚያው ቀረ። ጥናቱ ዳግም ሲታተም የወንድምየው ስም ከነአባቱ፣ ከዲኑ ስም በላይ ተጻፈ። ዛሬ በረግረጉ ዳር ዳክዬ ይፈለፈላል፤ ግቢውም ውሃ ይጠጣል።

እኅታችን በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ከወጡ በኋላም ከዘራ ይዘው እየመጡ ዘንጉን ያዩ ነበር። በ2015 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም አልጋ ያዙ። ወንድምየው በየጠዋቱ ለክቶ ሆስፒታል ሲገባ፣ ገና ከሰላምታ በፊት «ስንት ነው?» ይሉት ነበር። ኅዳር 13 ቀን 2016 ዓ.ም. «አርባ አንድ» ሲላቸው «ወርዷል፤ ሞተሩን ቀንሱ በላቸው» አሉት። በማግስቱ ማለዳ በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። በዚያ ጠዋት ወንድምየው እጃቸውን ይዞ ስለነበር ወደ ረግረጉ አልሄደም። የኅዳር 14 መስመር በደብተሩ ላይ ባዶ ነው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ውሃ በማይጎድልበት ጥላ ሥር ያሳርፍልን።