መምህር ተማሪ ፊት እንዳያፍር የደከሙት የመምህርት ትርፊት ጠና የሕይወት ታሪክ

መምህርት ትርፊት ጠና ከአባታቸው ከአቶ ጠና ላምቤቦና ከእናታቸው ከወ/ሮ ፋንታዬ ኤርጫፎ በሆመቾ አቅራቢያ መጋቢት 7 ቀን 1963 ዓ.ም. ተወለዱ። አንደኛ ደረጃን በሆመቾ፣ ሁለተኛ ደረጃን በሆሳዕና ተምረዋል። ሲቆጡ ሀዲይኛ፣ ሲያስታርቁ አማርኛ ይቀናቸው እንደነበር አብሮ አደጎቻቸው ይመሰክራሉ።

የመምህርነት ሥልጠናቸውን ጨርሰው በ1983 ዓ.ም. በአንጋጫ ሥራ ጀመሩ። እዚያም ከጤና ባለሙያው ከአቶ ማርቆስ ኢዮብ ጋር ተዋውቀው በ1987 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ትዳር መሠረቱ፤ ሊያንና ዮናስንም አፈሩ። ልጅ እያሳደጉ፣ ክረምት ክረምት እየተማሩ ዲፕሎማቸውን፣ ኋላም በባዮሎጂ ዲግሪያቸውን ያዙ። በመካከሉም ወደ ሆሳዕና ተዛውረው ሁለተኛ ደረጃ ማስተማር ቀጠሉ።

በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ ቴሌቪዥን ወደ ክፍላቸው ገባ። የቴሌቪዥኑ መምህር በእንግሊዝኛ ሲያንበለብለው የእሳቸው ሥራ ጥግ ይዞ መቆም ሆነ። አንድ ተማሪ ከልቡ አዝኖ፣ “ቲቸር፣ ለእርስዎም አልገባዎትም አይደል?” አላቸው። ይህን እየሳቁ ያወሩት ነበር፤ ያን ዕለት ግን ቤት ገብተው ማልቀሳቸውን ባለቤታቸው አይረሱትም።

በ2014 ዓ.ም. ለትምህርት ቤቱ ዲጂታል ሰሌዳዎች መጡ። እንዳይበላሹ ተብሎ የሚበዙት ንብረት ክፍል ተቆለፈባቸው፤ ክፍል የተሰቀሉትም ጥልፍ ጨርቅ ለብሰው እንደ ሳሎን ቴሌቪዥን ተከበሩ። እንግዳ ሲመጣ ጨርቁ ይነሣል፣ እንግዳው ሲሄድ ይመለሳል። ከላይ የመጡ ኃላፊዎች መምህራኑን ሰነፎች ሲሏቸው መምህርት ትርፊት ዝም አላሉም። “መምህር ማሽን አይፈራም፤ ተማሪ ፊት መዋረድን ግን ማን ይወዳል?” አሉ።

ቁልፉን በልመናም በጭቅጭቅም ከንብረት ክፍል ተቀብለው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪ በሌለበት መምህራኑን መሰብሰብ ጀመሩ። ደንባቸው አንድ ብቻ ነበር፤ በሰው ስሕተት የሳቀ ተነሥቶ ሰሌዳው ፊት ይቆማል። መጀመሪያ የሚሳሳቱት እሳቸው ስለነበሩ፣ ሳቂውም ተሳሳቹም በየተራ ወጣ።

የታሪክ መምህሩ አቶ ዳኘ ወንዳፈረው ግን በስተርጅና መሣቂያ አልሆንም ብለው ጡረታቸውን አስቀድመው ሊጠይቁ ቆርጠው ነበር። መምህርት ትርፊት አንድ ሳምንት ብቻ እንዲታገሡ ለመኗቸው። በትርፍ ክፍለ ጊዜያቸው የሚታረም ደብተር ይዘው ከአቶ ዳኘ ክፍል ኋላ ተቀመጡ፤ ተማሪዎቹ ቦታ ጠቧቸው መሰላቸው። ሰሌዳው በትምህርቱ መሐል ድርግም ሲል ጠመኔ የሚፈልጉ መስለው ወደ ፊት መጡ፣ በመንገዳቸው የላላውን ገመድ አጥብቀው ተመለሱ። አንድም ተማሪ አላወቀም። አቶ ዳኘ የጡረታውን ነገር ተዉት፤ ውለው አድረውም ከእሳቸው ጋር በየከተማው እየዞሩ ሌሎች መምህራንን የሚያለማምዱ ሆኑ።

መምህርት ትርፊት ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሆሳዕናና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥር 22 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ54 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጃቸውን ኤደንን ትተውልን ሄደዋል። ሐዘናችን ከባድ ነው።

ዛሬ ቅዳሜ፣ ሥርዓተ ቀብራቸው በሚፈጸምበት ሰዓት፣ አዲስ ሰሌዳ ለገባላቸው የሙዱላ መምህራን ልምምድ ተይዟል። የመምህርት ትርፊት ሕመም ሲበረታ አቶ ዳኘ ልምምዱ እንዲዘገይ ሊጠይቁ ሲሉ፣ እሳቸው አልጋ ላይ ሆነው፣ “ጋሼ ዳኘ፣ ለቀብሬ ሰው አይጠፋም። እነሱ ግን ሰኞ ተማሪ ፊት ይቆማሉ፤ እንዳይቀሩባቸው” ብለው ቃል አስገቧቸው። አቶ ዳኘ ትናንት ማታ አልቅሰው፣ ዛሬ በማለዳ ከመናኸሪያ ወደ ሙዱላ ተሳፍረዋል። በአገራችን ከቀብር የቀረ ሰው ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ የት ናቸው ብላችሁ የምትጠይቁ ወዳጆች፣ እንዳትቀየሟቸው ቤተሰቡ በትሕትና ይለምናል። የቀሩት ቃላቸውን ለመጠበቅ ነው።

የሰውን ፊት ከኀፍረት የሸፈኑትን እኅታችንን እግዚአብሔር በምሕረቱ ይሸፍናቸው፤ ነፍሳቸውንም ከቅዱሳኑ ጋር ያሳርፍልን። አሜን።